ስለ አልብሬኽት ፎን ግሬፌ ገለጻ፦ የጨረጨራው ምሳሌ ያስኬዳል?

ጣና_ዳር (ጥያቄ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እዚሁ ባሕር ዳር ለጤና ሳይንስ ተማሪዎች የሚቀርብ የ40 ደቂቃ ገለጻ አለ። ርዕሱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዓይን ሕክምናን መልክ የለወጠው ጀርመናዊ ሐኪም አልብሬኽት ፎን ግሬፌ ነው። እስካሁን ስላይዶቹ ላይ የሰፈረው ይህ ነው፤ ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው፦

በ1828 በርሊን ተወለደ። አባቱም የዓይን ሐኪም ነበር። ኦፍታልሞስኮፕን (የዓይንን ውስጥ ማያ መሣሪያ) ፈለሰፈ። በ1857 የግላኮማን (በዓይን ውስጥ ግፊት በዝቶ የሚያሳውር በሽታ) ቀዶ ሕክምና ጀመረ። «የግሬፌ ቢላዋ» እና «የግሬፌ ምልክት» በስሙ ይጠራሉ። ከዜሚሽ ጋር ትልቁን የዓይን ሕክምና መድብል አዘጋጀ። በ1870 በ42 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ።

ሦስት ነገር ልጠይቅ። ከዚህ ውስጥ የተሳሳተው የቱ ነው? የግላኮማው ቀዶ ሕክምና በእጅ እንዴት ይሠራ ነበር፣ ለምንስ ያድን ነበር? ሦስተኛው ለተማሪዎቹ የታሰበ ምሳሌ ነው፦ ዓይን ጣና ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይገቡበታል፤ መውጫው ጨረጨራ፣ የሐይቁን ውሃ ወደ ዓባይ የሚያወጣው ባለ በር ግድብ ነው። በሮቹ ሲዘጉ ውሃው ይሞላል። ግሬፌ መጣና አንድ ተጨማሪ በር ከፈተ። ያስኬዳል?

መጻሕፍት_ወዳጅ

ምሳሌውን ለባለሙያዎቹ ልተወውና የተሳሳቱትን ልንቀል። ሦስት ናቸው።

ኦፍታልሞስኮፕን የፈለሰፈው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ ነው። በዲሴምበር 1850 ለበርሊን የፊዚክስ ማኅበር አሳወቀ፣ በ1851 አሳተመው። የግሬፌ ድርሻ ሌላ ነው፤ መሣሪያው እንደወጣ ተቀብሎ በየቀኑ የሕመምተኛ ዓይን ላይ ተጠቀመበት፣ ከዚያ በፊት «ታውሯል፣ ምክንያቱ አይታወቅም» ይባል የነበረውን ሁሉ በየዓይነቱ ለየው። የሃይደልበርጉ የዓይን ሐኪሞች ማኅበር በ1886 የግሬፌን ሜዳሊያ ለመጀመሪያ ጊዜ የሸለመው ለራሱ ለሄልምሆልትዝ ነው። ይህን ከነገርካቸው ማን ምን እንደሠራ ተማሪዎቹ አይምታታባቸውም።

አባቱ ካርል ፈርዲናንድ ፎን ግሬፌ የቀዶ ሕክምና ሰው ነው። ስሙ ይበልጥ የሚነሣው አፍንጫንና የዓይን ቆብን መልሶ በመሥራት ነው። በ1823 ግን ከናፖሊዮን የግብፅ ዘመቻ በኋላ በአውሮፓ ወታደሮች ላይ ስለተዛመተው «የግብፅ የዓይን በሽታ» ጽፏል፤ ስለዚህ ከዓይን ጋር ጨርሶ አይተዋወቅም አይባልም። የሞተው በ1840 ነው፤ ልጁ ገና 12 ዓመቱ ነበር። «ከአባቱ ተማረ» የሚል መስመር ካለህ እሱንም አውጣው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው። ከዜሚሽ ጋር መድብሉን ያዘጋጀው የአጎቱ ልጅ አልፍሬድ ግሬፌ ነው፤ ሃለ ከተማ የሠራው። የመጀመሪያው እትም መውጣት የጀመረው በ1874 ነው፤ አልብሬኽት ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። የአልብሬኽት የራሱ የሆነው በ1854 የመሠረተው የዓይን ሕክምና መጽሔት ነው። የመጀመሪያውን ቅጽ አብዛኛውን ራሱ ጻፈው፤ ቀጥሎ የፕራጉ አርልትና የኡትሬኽቱ ዶንደርስ በአዘጋጅነት ተጨመሩ። መጽሔቱ ዛሬም በስሙ ይታተማል።

የሕይወቱን መስመር አጠር አድርገህ ብታልፈው ይሻላል። በ1847 በርሊን ላይ በሕክምና ተመረቀ። ከዚያ ፕራግ አርልት ዘንድ፣ ፓሪስ ሲሼልና ዴማር ዘንድ፣ ቪየና የየገር አባትና ልጅ ዘንድ፣ ለንደን ደግሞ ቦውማንና ክሪቼት ዘንድ ዞሮ ተማረ። ከዶንደርስ ጋር የተዋወቀው እዚያው ለንደን በ1851 ነው፤ ግሬፌ፣ ዶንደርስና ቦውማን እስከ መጨረሻው ተጻጻፉ። በርሊን ተመልሶ የግል ክሊኒክ ከፈተ፤ ድሃውን በነጻ ያክም ነበር። በ1866 ሙሉ ፕሮፌሰር ሆነ፣ በ1868 የሻሪቴ ሆስፒታልን የዓይን ክፍል ያዘ። ጁላይ 20 ቀን 1870 ሞተ፤ ፈረንሳይ በፕሩስያ ላይ ጦርነት ባወጀች ማግስት ማለት ነው። ሙያው በሙሉ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላም።

ዘመኑን ለማስጨበጥ አንዲት መስመር ጣልበት፦ የግላኮማውን ሥራ ባሳወቀበት በ1857 ዳግማዊ ቴዎድሮስ ደረስጌ ማርያም ዘውድ ከጫኑ ገና ሁለት ዓመታቸው ነበር። ተማሪው ወዲያው ዘመኑን ያገኘዋል።

ስሊት_ላምፕ

ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልያዘው። «የግላኮማ ቀዶ ሕክምና» ብለህ በጅምላ አትጻፍ፤ ለሁሉም ግላኮማ አይደለምና። ኢሪዴክቶሚ ይባላል፤ ከአይሪስ ላይ አንድ ቁራጭ ቆርጦ ማውጣት ነው። አይሪስ ስል ብሌኗን (መካከል ላይ ያለችውን ጥቁር ቀዳዳ) የከበበውን ባለ ቀለም ክፍል ነው።

መነሻው የሌላ በሽታ ሕክምና ነው። ግሬፌ የኮርኒያ (ከዓይን ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን) ቁስልና ተደጋጋሚ የአይሪስ ብግነት ባለባቸው ዓይኖች ላይ አይሪስ ሲቆርጥ ዓይኑ በጣት ሲነካ እየለሰለሰ መምጣቱን አስተዋለ። ዓይን በድንጋይ ጥንካሬ የሚደርቅበት አጣዳፊ ግላኮማ ላይ ሞከረው፤ ሠራ። በ1857 ጽፎ አወጣው፣ ብራስልስ በተደረገው የዓይን ሐኪሞች ጉባኤም አቀረበው። ከዚያ በፊት አጣዳፊ ግላኮማ የያዘው ዓይን በሕመምና በዕውርነት ነበር የሚያልቀው። ግፊት የሚቀንስ ጠብታ እንኳ የመጣው በ1870ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሕመምተኛው ይጋደማል፣ ቆቦቹ በመክፈቻ ይያዛሉ፣ የዓይን ኳሱ በጥርስ ባለው ጉጠት ይጠበቃል። ላንስ የሚመስል፣ ጫፉ ሦስት ማዕዘን የሆነ ስለት ኮርኒያው ከነጩ ክፍል ጋር ከሚገናኝበት መስመር ትንሽ ወደ ውጭ ይገባል። ስለቱ ከአይሪሱ ፊት ትይዩ ሆኖ መንሸራተት አለበት። ጫፉ ወደ ታች ካዘነበለ ከአይሪሱ ኋላ ያለውን ሌንስ ይነካል፤ ሌንሱ ከተነካ በቀናት ውስጥ የሞራ ግርዶሽ ይሆናል። ቀጥሎ ስለቱ በዝግታ ይወጣል። ይህቺ «በዝግታ» ቀልድ አይደለችም፤ የደነደነ ዓይን በአንዴ ውሃው ሲፈስ ከውስጥ ያሉት የደም ሥሮች ድጋፋቸውን ያጡና ይፈነዳሉ፣ ዓይኑ እዚያው ይጠፋል። ከዚያ ቀጭን ጉጠት በቁስሉ ይገባና አይሪሱን ከብሌኗ ጠርዝ ይዞ ወደ ውጭ ይስበዋል፤ በመቀስ ይቆረጣል። ግሬፌ አጥብቆ ያዘዘው ነገር ቢኖር ቁራጩ ሰፊ እንዲሆንና እስከ ሥሩ እንዲደርስ ነው። ጠባብና ከሥሩ የራቀ ቁራጭ ምንም አይጠቅምም፤ ምክንያቱን ከታች ታገኘዋለህ። ስፌት የለም። ዓይኑ ይታሰራል፣ ሕመምተኛው ጀርባው ላይ ይተኛል።

ማደንዘዣውስ? ዓይን ውስጥ የሚንጠባጠበው ኮኬይን የታወቀው በ1884 ነው፤ ካርል ኮለር። ግሬፌ አልደረሰበትም። የነበረው ክሎሮፎርም ነው፤ እሱ ደግሞ ያስመልሳል፣ የሚያስመልስ ሰው ደግሞ የተከፈተ ዓይኑን ከውስጥ ይገፋዋል። ስለዚህ ፍጥነትና ረጋ ያለ እጅ የሕክምናው አካል ነበሩ።

ለምን ሠራ? የዓይን ውሃ የሚመነጨው ከአይሪስ ጀርባ ነው። በብሌኗ በኩል ወደ ፊት ያልፍና አይሪሱና ኮርኒያው በሚገናኙበት ማዕዘን ባለ ወንፊት መሰል መውጫ ይወጣል። ፊት ክፍላቸው ጠባብ የሆነ ሰዎች ላይ አይሪሱ ሌንሱን ይለጠፍበታል፣ ውሃው ከኋላ ይታገታል፣ አይሪሱ እንደ ሸራ ተነፍቶ ወደ ፊት ይመጣና መውጫውን ይደፍነዋል። አይሪሱ ላይ ቀዳዳ ሲኖር ከፊትና ከኋላ ያለው ግፊት ይስተካከላል፣ አይሪሱም ይመለሳል። ይህ ማብራሪያ በደንብ የተቀመጠው ግሬፌ ከሞተ ከአምስት አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። እሱ ያወቀው ውጤቱን ነው፤ ደግሞም የትኛው ዓይነት ላይ እንደሚሠራና የትኛው ላይ እንደማይሠራ ራሱ ለይቶ ጻፈ፦ አጣዳፊው ላይ ጥሩ፣ ቀስ ብሎ በሚሄደው ላይ ደካማ። እኔን ከቀዶ ሕክምናው በላይ የሚያስደንቀኝ ይህ ልየታው ነው።

ዛሬ ይህንኑ ቀዳዳ በያግ ሌዘር በደቂቃዎች ውስጥ፣ ዓይን ሳይከፈት እንሠራዋለን። ስፋቱ ከግሬፌ ቁራጭ ጋር ሲነጻጸር የመርፌ ቀዳዳ ነው።

የውሃ_ሥራ

ሐኪም አይደለሁም፤ ጣናን ግን አውቀዋለሁ። ምሳሌህ ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ።

አንደኛ፣ ሐይቅ ሲሞላ ይሰፋል። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት አለው፤ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው። ክረምት ውሃው ሲጨምር ፎገራና ደምቢያ ሜዳ ላይ ይተኛል። ዓይን ወዴት ይተኛል? ግድግዳው አይለጠጥም። ስለዚህ በጣና ላይ «ከፍታ» የምትለው ነገር በዓይን ላይ «ግፊት» ነው፤ ይህን ካላስረዳህ ተማሪው ዓይን የሚያብጥ ይመስለዋል። ሌላው፣ ጣና ላይ ከሚገባው ውሃ ብዙው በትነት ነው የሚሄደው። ዓይን ውስጥ ትነት የለም።

ሁለተኛ፣ «ተጨማሪ በር» የምትለው። ጨረጨራ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲሠራ ሁለት በር ነበረው፣ በ2001 አምስት ተጨመሩለት፤ ሰባት ማለት ነው። ተጨማሪ በር ማለት ያ ነው፤ በዚያው መውጫ ላይ የማሳለፍ አቅም መጨመር። ከላይ የተጻፈውን ሳነብ ግሬፌ ያደረገው እሱን አይደለም። አዲስ መውጫ የምትፈልግ ከሆነ ደግሞ ጣና በለስ አለልህ፤ በ2010 ሥራ የጀመረው፣ ከኩንዝላ በኩል ውሃውን ተራራ ሰርስሮ ወደ በለስ የሚወስደው ዋሻ። ጨረጨራን ሳይነካ የሚወጣ ሌላ መንገድ ነው።

ስሊት_ላምፕ

@የውሃ_ሥራ እጅህ ይባረክ፤ እንዲያውም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ይወጣል።

ሦስቱን ነገር በሦስት ቦታ አስቀምጠው፣ ጣና_ዳር። ቀስ ብሎ የሚሄደው (ክፍት ማዕዘን የሚባለው) ግላኮማ የጨረጨራ በሮች ውስጥ ደለል ሲሞላ ነው። በሩ ክፍት ነው፣ ከሩቅ ስታየው ምንም የለበትም፣ ውሃው ግን በሚገባው ልክ አይወጣም። ለዚህ በር ላይ በር መጨመር ወይም እንደ በለስ ዋሻ ሌላ መንገድ መክፈት ነው መፍትሔው። ትራቤኩሌክቶሚ የምንለው ቀዶ ሕክምና የበለሱ ዋሻ ነው፤ ውሃውን ከተለመደው መውጫ ውጭ በነጩ ክፍል በኩል ያወጣዋል። የመጣው በ1960ዎቹ ነው፤ ለግሬፌ አትስጠው።

አጣዳፊው ግን እምቦጭ ነው። በሮቹ ደህና ናቸው። ጥቅጥቅ ያለ የእምቦጭ ምንጣፍ ከኋላው በታገተ ውሃ ተገፍቶ በሮቹ አፍ ላይ ተለጠፈ እንበል። ምንጣፉ ላይ ቀዳዳ ብታበጅ ከኋላ የታገተው ውሃ ያልፋል፣ ምንጣፉን የሚገፋው ነገር አይኖርም፣ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ በሮቹም ይከፈታሉ። ግሬፌ የሠራው ይህን ነው። እምቦጩ ብዙ ጊዜ ከቆየና በሮቹ ላይ ሥር ሰዶ ከተጣበቀ ግን ቀዳዳው ብቻውን አይበቃም። ዓይን ላይም እንዲሁ ነው፤ አይሪሱ ከማዕዘኑ ጋር ተጣብቆ ጠባሳ ከሠራ በኋላ የመጣ ሕመምተኛ በኢሪዴክቶሚ አይድንም። ስለዚህ ነው አጣዳፊው በሰዓታት የሚቆጠረው።

ቁጥርም ስጣቸው። የዓይን ውሃ በደቂቃ ከ2 እስከ 3 ማይክሮሊትር ይመነጫል። የፊት ክፍሉ ሩብ ሚሊ ሊትር ገደማ ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ በሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ውሃው ሙሉ በሙሉ ይለወጣል። ጤነኛ ግፊት በአብዛኛው ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ በአጣዳፊው 50ና 60 መድረስ ብርቅ አይደለም። ይህን ሲሰሙ ለምን ከሚያስመልሰው ሕመም ጋር «ሆዱን ነው» ተብሎ የሚላክ ሰው እንዳለ ይገባቸዋል፤ ራስ ምታቱና ማስመለሱ ዓይኑን ያስረሳል። ቀይ ዓይን፣ የደበዘዘ ኮርኒያ፣ መጠነኛ የሰፋችና ለብርሃን የማትንቀሳቀስ ብሌን ካለ ነገሩ ሆድ አይደለም።

ጣና_ዳር

እግዜር ይስጥልኝ። እምቦጩ ገብቷል፣ «ተጨማሪ በር» ወጥቷል። አባትና የአጎት ልጅም ተስተካክለዋል።

አሁን ስለ ቢላዋውና ስለ ምልክቱ። ምልክቱን መድረክ ላይ በአንድ ተማሪ ላይ ማሳየት ይቻላል? ደግሞ ከኛ አገር ጋር የሚያገናኘው ነገር ካለ ጨምሩልኝ።

ሲስተር_የዓይን

ምልክቱን በጤነኛ ተማሪ ላይ አታሳይም፤ አይታይማ። አመራመሩን ግን ማሳየት ትችላለህ።

ተመርማሪው ተቀምጦ ጭንቅላቱን ሳያንቀሳቅስ ጣትህን ያያል። ጣትህን ከዓይኑ ከፍታ በላይ፣ ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያዝና ቀጥ አድርገህ በዝግታ ወደ ታች አውርድ። በጤነኛ ሰው የላይኛው ቆብ ከዓይኑ ጋር እኩል ይወርዳል። ግሬፌ በ1864 የገለጸው ቆቡ ወደ ኋላ ሲቀር ነው፤ ዓይኑ ወርዶ ቆቡ ይዘገያል፣ ከኮርኒያው በላይ ነጭ መስመር ይታያል። የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ የሚመጣ ነው። ሰዎች የሚሳሳቱት ጣቱን በፍጥነት ሲያወርዱ ነው፤ ያኔ ማንም ሰው ለቅጽበት ያሳየዋል። ሌላው ስህተት ሳይንቀሳቀስም ቆቡ ተሰብስቦ የሚታየውን ከዚህ ጋር ማደባለቅ ነው፤ ያ ሌላ ምልክት ነው። የግሬፌ ምልክት በእንቅስቃሴ ብቻ ነው የሚታየው።

ከኛ ጋር የሚያገናኘውም እዚሁ ነው። እንቅርት በደጋው የተለመደ ነው፤ ብዙው ግን ከአዮዲን እጥረት የመጣ ነው፣ ዕጢው አብጦ ሥራው ግን አልበዛም። እንቅርት ያለው ሰው ሁሉ ይህ ምልክት አለው ብለው እንዳይሄዱ። ምልክቱ ካለና ልብ የሚመታ፣ ክብደት የሚቀንስ፣ እጅ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የታይሮይድ ምርመራ ይታዘዛል።

ሁለተኛው ግንኙነት አባቱ የጻፈበት «የግብፅ የዓይን በሽታ» ነው። በዚያ ስም ብዙ ዓይነት የዓይን ብግነት ተጠቃሎበታል፤ ዋናው ግን ትራኮማ ነበር፣ እኛ የዓይን ማዝ የምንለው። ለንደን ላይ ሙርፊልድስ ሆስፒታል በ1805 የተከፈተው ከግብፅ በተመለሱ ወታደሮች በተዛመተው በዚሁ በሽታ ምክንያት ነው። ስለዚህ ግሬፌ የተማረበት የአውሮፓ የዓይን ሕክምና በከፊል የበቀለው ዛሬ አማራ ክልልን ከዓለም ሁሉ አብዝቶ ከሚያጠቃው በሽታ ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ እነሱ በመዳብ ሰልፌት ድንጋይ የቆቡን ውስጥ ይፍቁ ነበር፤ እኛ በዓመት አንዴ ዚትሮማክስ እናድላለን፣ የታጠፈ ሽፋሽፍት ያለበትን እንሠራለን፣ ፊት መታጠብና መጸዳጃ ቤት ላይ እናስተምራለን። አራቱም አብረው ካልሄዱ ልጁ መድኃኒቱን ወስዶ በዓመቱ ተመልሶ ይያዛል።

ስሊት_ላምፕ

ስለ ቢላዋው። በግሬፌ ዘመን የሞራ ግርዶሽ የሚወጣው ፈረንሳዊው ዳቪየል በ1747 በጀመረው መንገድ ነበር፤ ኮርኒያውን በግማሽ ክብ ቆርጦ እንደ ክዳን ማንሳት። ያ ክዳን ትልቅ ነው። ስፌት ስለሌለ ጠርዞቹ ይላቀቃሉ፣ ሕመምተኛው ትንሽ ሲያስል ክዳኑ ይነሣል፣ ኮርኒያውም መሞቻው መግል ነው። የሊስተር ፀረ ተሕዋስያን አሠራር ገና በ1867 ነው የመጣው።

ግሬፌ በ1860ዎቹ አጋማሽ ቁስሉን ወደ ቀጥታ መስመር አመጣው። ለዚህ የሠራው ቢላዋ በጣም ጠባብ ነው፤ ስፋቱ 2 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ። በአንድ በኩል በኮርኒያው ጠርዝ ይገባል፣ የፊት ክፍሉን አቋርጦ በሌላው በኩል ይወጣል፣ ስለቱ ወደ ላይ ዞሮ በመጋዝ መሰል እንቅስቃሴ የላይኛው ጠርዝ ይከፈታል። ከዚያ አይሪሱ ይቆረጣል፣ የሌንሱ ከረጢት ፊት በመቧጠጫ ይቀደዳል፣ ኮርኒያው ከታች በማንኪያ ሲጫን ሌንሱ ከላይ ይወጣል። ቁስሉ መስመር ስለሆነ በራሱ ይገጥማል፤ በላይኛው ቆብ ሥር ስለሚውልም የተጠበቀ ነው።

ችግሩ ምን ነበር? ቁስሉን ለማሳነስና ከኮርኒያው ለማራቅ ሲል በጣም ወደ ዳር ወሰደው። ዳር ሲሆን ወደ ውስጠኛው ጄል ይቀርባል፣ ጄሉ ይፈሳል። አይሪሱ ቁስሉ ውስጥ ይታነቃል፤ የታነቀ አይሪስ ደግሞ ጤነኛውን ዓይን ሳይቀር ሊያስቆጣ ይችላል። በኋላ የመጡት ቢላዋውን ይዘው መቁረጫውን ወደ ኮርኒያው መለሱት። ቢላዋው ራሱ ግን እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ከየሳጥኑ አልወጣም። እና «ግሬፌ የሞራ ግርዶሽን ችግር ፈታ» ብለህ አትጻፍ፤ አንድ አደጋ ቀንሶ ሌላ አመጣ፣ በጥቅሉ ግን ያተረፈው ይበልጣል።

መጻሕፍት_ወዳጅ

ስለ ስህተት ከተነሣ አንድ ስላይድ ለዚህ ስጠው። ግሬፌ በ1854 አካባቢ በግላኮማ የታመመ ዓይን ውስጥ የእይታ ነርቩን ጫፍ በኦፍታልሞስኮፕ አይቶ «አብጧል» ብሎ ጻፈ። የቪየናው ኤዱዋርድ የገርም እንዲሁ አየው። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ጉድጓድ ነው። በአንድ ዓይን ብቻ ስታይ ጥልቀት አይታወቅም፣ ጥላና ብርሃኑ ጉብታም ጉድጓድም ሊመስል ይችላል። ሌሎች ሲያስተውሉትና ሃይንሪኽ ሙለር ከሞቱ ሰዎች የወጡ ዓይኖችን በማይክሮስኮፕ ሲያይ ጉድጓድነቱ ተረጋገጠ፣ ግሬፌም አረመው። ተማሪዎቹ ዛሬ «ከፕ» ብለው የሚለኩት ያንን ጉድጓድ ነው።

እውነተኛ እብጠት የሆነው ሌላ ነው፦ በ1860 የሁለቱም ዓይን ነርቭ ጫፍ ማበጥን ከአንጎል ዕጢ ጋር አያይዞ ገለጸ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ የሬቲናው (በዓይን ኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ዋና ደም ወሳጅ በረጋ ደም ሲደፈን የሚሆነውን ጽፏል፤ ሬቲናው ይነጣል፣ መካከሉ ላይ ቼሪ ፍሬ የመሰለች ቀይ ነጥብ ትቀራለች። ዛሬም ያው ነው የምናየው።

ጣና_ዳር

የመጨረሻ። አዳራሹ ውስጥ ስሊት ላምፕ (የዓይን መመርመሪያ ማይክሮስኮፕ) የለም። የሄልምሆልትዝን መሣሪያ መርህ በእጅ ባለ ነገር ማሳየት ይቻላል?

ስሊት_ላምፕ

ይቻላል፣ በቀላል ዕቃ። ከላብራቶሪ ሦስት የማይክሮስኮፕ ስላይድ ብርጭቆ ውሰድ፣ ተጠራርገው ንጹህ ይሁኑ፣ አንድ ላይ ደርብና ጫፋቸውን በፕላስተር ያዝ። የስልክ መብራት አብራ፤ ፊቱን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ ባለው ወረቀት ሸፍን፤ በላዩ አንድ ንጣፍ ነጭ ወረቀት ጨምርበት፣ ያለበለዚያ ብርሃኑ ይበዛል። አዳራሹ ይጨልም። ተመርማሪው ሩቅ ግድግዳ ያይ፤ መነጽር ያውልቅ። ብርጭቆዎቹን ከራስህ ዓይን ፊት በ45 ዲግሪ አዘንብል፣ መብራቱን ከጎን አድርገው። ብርጭቆው ከብርሃኑ ጥቂቱን ወደ ተመርማሪው ዓይን ይልካል፣ አንተ ደግሞ በዚያው ብርጭቆ ውስጥ አሻግረህ ታያለህ። እስከ አንድ ስንዝር ቅረብ፤ ጥቁሯ ብሌን ወደ ብርቱካናማ ቀይ ትለወጣለች።

ከዚያ ጠይቃቸው፦ ብሌን ሁልጊዜ ጥቁር የሆነችው ለምንድን ነው? ብርሃን ስለማይመለስ አይደለም። የሚመለሰው በገባበት መንገድ ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ ለማየት ጭንቅላትህን ስታስቀምጥ መብራቱን ራስህ ትጋርደዋለህ። ሄልምሆልትዝ የፈታው ይህን ነው።

ካልታየህ ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ነው። ክፍሉ አልጨለመም፤ ወይም የብርጭቆው ማዕዘን ስቷል፤ ወይም ተመርማሪው የሚያየው ሩቁን ሳይሆን አንተን ነውና ብሌኑ ጠባለች። አንድ ብርጭቆ ብቻ ከሆነም የሚልከው ብርሃን ያንሳል፤ ሦስት የተደረበው ለዚያ ነው። ዝርዝሩን ሬቲና አታይም፤ ቀዩን ነጸብራቅ ብቻ ነው፣ ለመድረክ እሱ ይበቃል። በአንድ ሰው ላይ ከጥቂት ሰከንድ በላይ አትቆይ።

ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ግን ለማሳያ ብለህ አትጨምር። ፊት ክፍሉ ጠባብ የሆነ ሰው ከገጠመህ ያንኑ የምታወራውን አጣዳፊ ግላኮማ አዳራሹ ውስጥ ታስነሳለህ። ክሊኒክ ውስጥም ጠብታ ከመጨመር በፊት በባትሪ ከጆሮ በኩል ጎን ለጎን ይበራል፤ በአፍንጫ በኩል ያለው የአይሪስ ግማሽ ጥላ ከወደቀበት ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ጠብታው ይቆይ ይባላል።

መጻሕፍት_ወዳጅ

አንዲት ነገር ብቻ ልጨምር። ዓመቶቹን ወደ እኛ አቆጣጠር የምትቀይር ከሆነ ሁሉንም በስምንት አትቀንስ። የብራስልሱ ጉባኤ በሴፕቴምበር አጋማሽ ስለሆነ እንቁጣጣሽ አልፎ 1850 ዓ.ም. ገብቷል፤ ልደቱ ግንቦት 1820፣ ሞቱ ሐምሌ 1862 ላይ ይውላል።